አራት ካርቶን

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፍሬሕይወት በር ተንኳኳ። ስትከፍት ሃምሳውን የተሻገረ ሰው ግራጫ ቱታ ለብሶ ቆሟል። ከጎኑ ባለ ጎማ ጋሪ፣ በጋሪው ላይ አራት ካርቶን አለ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ከበሩ ቁጥር ላይ ሳያነሳ። «የቤት ሲኒማ ደርሶዎታል። ዙሪያ ድምፅ ነው። አራቱን ድምፅ ማጉያ ገጥሜልዎት እሄዳለሁ።»

ፍሬሕይወት ካርቶኖቹን ቆጠረች። አራት ናቸው። እንደገና ቆጠረች። አሁንም አራት ናቸው።

«ተሳስተህ እንዳይሆን። እኔ ዕጣ አልቆረጥኩም።»

«ፎቅ ሃያ አንድ፣ በር ስድስት። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ።»

«ነኝ።»

«እንግዲያው አልተሳሳትኩም» አለ ሰውየው፣ ቢሳሳት ደስ እንደሚለው ሰው እየተነፈሰ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከሕፃን ልጅ በቀር፣ አራት ካርቶን ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ድንኳን የሚተከልበት ግቢ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ዘመድ እንደሆነ በየአገሩ ተበትኗል፤ ሊፍቱም ከስምንት ሰው በላይ አይጭንም። ስለዚህ የኅብረት ዕድሩ ለቅሶን በድምፅ አደረገው። ስክሪኑ፣ የመሃሉ ድምፅ ማጉያና ጎርናናውን ድምፅ የሚያወጣው ባስ በየቤቱ ድሮውኑ አሉ፤ ፊልም የሚታየው በነሱ ነው። ሰው ሲሞት አራት ይጨመራሉ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። አራቱ የአራት የቅርብ ዘመድ መቀመጫ ናቸው። ሐዘንተኛው መሃል ይቀመጣል። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የዕድሩ ዳኛ ከመሃሉ ድምፅ ማጉያ መርዶውን ይናገራል፣ ከአራቱም ማዕዘን ልቅሶው ይነሣል፣ ባሱም የሕዝቡን ደረት መምታት በወለሉ ሥር ያመጣዋል። ሰው ሁሉ መጥቶ የከበበህ ይመስልሃል ይላሉ። ፍሬሕይወት በባሏ ጊዜ አይታዋለች። እውነትም ከበዋት ነበር። ሲያበቃ መብራቱን ራሷ አጥፍታ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ ዋለች።

ድንኳኑ ቢቀርም የመርዶ ወግ አልቀረም። መርዶ በንጋት እንጂ በቀን አይነገርም፤ ከመነገሩ በፊትም ሐዘንተኛው ማወቅ የለበትም። ድሮ «ትንሽ አሞት ነው» ይባል የነበረው ዛሬ «ሲኒማ ደርሶዎታል» ሆኗል። ውሸቱን የሚናገረውም የሚሰማውም ያውቀዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

«ግባ» አለች ፍሬሕይወት። ሌላ ምን ትበል?

ሰውየው ሚኪያስ ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ሠርቷል፤ ጉልበቱ ከእሱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሲንበረከክ «እህ» ይላል፣ ሲነሣም «እህ» ይላል። እሱ ካርቶን መክፈት ሲጀምር ፍሬሕይወት ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

መጀመሪያ የደወለችው ለናኦድ ነው። ናኦድ የመጨረሻ ልጇ ነው፤ ዳናክል ረባዳ ውስጥ፣ የጨው ጉድጓድ የአየር ማራገቢያ ይጠብቃል። ሐሙስ ሐሙስ ይደውል ነበር። ትናንት ሐሙስ ነበር፤ አልደወለም።

«ደንበኛችን በዝግጅት ላይ ናቸው» አላት ከወዲያ ደስ ደስ ያለው የሴት ድምፅ።

ለሴት ልጇ ለሳምራዊት ደወለች። ሳምራዊት አዲስ አበባ፣ የባቡር ሐዲድ ዳር ካለ ሕንፃ ላይ ከባሏና ከስድስት ዓመት ልጇ ከሶልያና ጋር ትኖራለች። «ደንበኛችን በዝግጅት ላይ ናቸው።» ደሴ ላለው ወንድሟ ለዳንኤል ደወለች፤ ጎንደር ላለችው ለባሏ እህት ለገነትም ደወለች። ያችው ሴት ያንኑ ነገር በዚያው ደስታ ነገረቻት። ካርቶን ከወጣ በኋላ የዘመድ ስልክ ሁሉ ይዘጋል፤ አንዱ አልችል ብሎ ምሥጢሩን እንዳያወጣው ነው።

አራት ሰው አላት። ከአራቱ አንዱ የለም። በዕድሩ ደንብ ደግሞ ባዶ መቀመጫ አይፈቀድም፤ የሟች ቦታ በልጁ ይሞላል፣ ልጅ ከሌለው ከጎረቤቶቹ አንድ ሰው ይመደብለታል።

ናኦድ ልጅ የለውም።

ፍሬሕይወት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። ናኦድ ነው። ሐሙስ አልደወለም፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ዳንኤል ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያስል ሲያስል ሰባ ዓመት ሞልቶታል፤ የሚያስል ሰው አይሞትም። ገነት በጸሎት የቆመች ሴት ናት። ሳምራዊት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቢሮ ተቀምጣ የምትውል ልጅ ምን ይነካታል? ጉድጓድ የሚወርደው ናኦድ ነው። ናኦድ ነው፤ ሌላ አይደለም።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። የበር አምስቷ ብሌን ናት፤ በሁለት እጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች።

«እንኳን ደስ አለሽ ፍሬዬ! ሲኒማ መጣልሽ አሉ።» ሳህኑን አስቀምጣ አቀፈቻት። ለሲኒማ ማንም ያን ያህል አያቅፍም። «ትንሽ ንፍሮ ነው። ፊልም ስታዪ ትቆረጥሚዋለሽ።»

«ማን ነው ብሌን?»

«ምኑ?»

«ብሌንዬ፣ እናትሽን ያቆይልሽ፣ ማን ነው በይኝ።»

ብሌን ዘወር ብላ ለሚኪያስ፣ «ጎበዝ፣ አሳምረህ ግጠምላት እሺ!» አለችና ወጣች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለዚህ ነው፤ ፎቁ በሙሉ ከትናንት ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር ባለቤቷ ብቻ አታውቀውም።

ሳሎን ውስጥ ሚኪያስ አራቱን ድምፅ ማጉያ በየማዕዘኑ በመቆሚያቸው ላይ አቁሟቸዋል። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶታል።

«አንድ ፍራሽ ይኖርዎታል? መሬት ላይ፣ እዚህ መሃሉ ጋ ቢሆን።»

«ሲኒማ በፍራሽ ነው እንዴ የሚታየው?»

«ለድምፁ ይሻላል።»

ፍራሹን ከመኝታ ቤት ጎትታ አመጣችለት። ይቀመጡ አላት፣ ተቀመጠች። ሜትሩን ዘርግቶ ከወለሉ እስከ ጆሮዋ ለካ። ሰባ አራት ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጻፈው። ድሮ በለቅሶ ቤት ቁመቱ የሚለካው የሞተው ሰው ነበር።

ከዚያ ገመዶቹን ማያያዝ ጀመረ። የያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይገባል። ፍሬሕይወት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች እጁን ታያለች። አንድ ነገር ወደ ልቧ የገባው ያኔ ነው። ይህ ነገር ካልተገጠመ መርዶው አይነገርም። መርዶው እስካልተነገረ ደግሞ ናኦድ አልሞተም። የሞተ ሰው የሚሞተው ለቅሶው ሲጀመር ነው፤ እስከዚያ ሥራ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለውም፣ ተኝቷል።

ሚኪያስ እጁን ሊታጠብ ሲገባ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ኋላ ቀኙ ድምፅ ማጉያ ሄደች። ቀዩን ነቅላ በጥቁሩ፣ ጥቁሩን ነቅላ በቀዩ ቦታ ሰካች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለች እንኳ እንዲህ ያለ ተንኮል ሠርታ አታውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ ሚኪያስ ትንሿን ማይክሮፎን ጆሮዋ በተለካበት ቦታ አቆመ። «አንድ ደቂቃ ልኬት አለ። ማሽኑ አራቱን ተራ በተራ እየከፈተ ያዳምጣቸዋል። እንዳይናገሩ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።» መሣሪያው ጥቂት ፏጨ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ቀይ መብራት አበራ። አልያዘም።

ሚኪያስ ወደ ኋላ ቀኙ ሄደ። ተንበረከከ። «እህ።» ገመዱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ምንም ሳይናገር መልሶ አስተካከለው። በጽሕፈት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ፍሬሕይወት በትከሻው በኩል አነበበች፤ «የገመድ ችግር» ይላል። «የቤቱ ባለቤት እምቢተኛ» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር።

«ሁለት ጊዜ ቀርቶናል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሦስቴ ካልያዘ መስመሩ እንደተዘጋ ይቆጠርና በጽሑፍ ይልኩታል።»

በጽሑፍ የተላከላትን ሴት ፍሬሕይወት ታውቃታለች። የአሥራ አራተኛ ፎቋ ናት፤ የባሏን መርዶ ሊፍት ውስጥ፣ ቲማቲም በፌስታል ይዛ፣ ስልኳ ላይ አነበበችው። ሊፍቱ ውስጥ ሌሎች አራት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም የራሳቸውን ስልክ ያዩ ነበር።

ፍሬሕይወት መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጌታዬ» አለች። «ናኦድን ብቻ ተውልኝ። እሱን ብቻ። ከሌላው የፈለግኸውን ውሰድ፤ አልጠይቅህም፤ አላጉረመርምም። እሱን ብቻ ተውልኝ።»

ሦስት ጊዜ አለችው። ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ሁለተኛው ልኬት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ማይክሮፎኑ ጆሮውን ሲከፍት ፍሬሕይወት ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ከቁም ሣጥን ውስጥ ሙቀጫውን አወረደች፤ ነጭ ሽንኩርት ሳትልጥ ከነልባሱ ከተተችበትና በዘነዘናው መውቀጥ ጀመረች። ሃያ አንደኛ ፎቅ ላይ ሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው ከተሰማ ዘመን ሆኗል። ከታች ያሉት ጎረቤቶች በዱላ ጣራቸውን መቱ። እሷም ባሰባት። ሽንኩርቱ ውሃ ሆኖ፣ ሙቀጫው ባዶ እስኪመስል ወቀጠችው፤ እንባዋ እየወረደ ሽንኩርቱ ነው አለች ለራሷ።

ቀና ስትል ሚኪያስ በሩ ላይ ቆሟል። ቀዩ መብራት ከኋላው ይበራል።

«ጨረሱ?»

«ማን ነው?» አለች ዘነዘናውን እንደያዘች። «አንተ ሰው፣ ልጅ አለህ? በልጅህ ይዤሃለሁ። ማን ነው?»

«እኔ ሰው አላውቅም እትዬ። የማውቀው ገመድ ነው። ወረቀቴ ላይ ያለው ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ ብቻ ነው።»

«እግርህ ላይ ልውደቅ?»

«ኧረ በማርያም!» ደንግጦ ክንዷን ያዛት፤ ዘነዘናውን ቀስ አድርጎ ከእጇ ወሰደ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ካለችው አንዲት ወንበር ላይ አስቀመጣትና እሱ ግድግዳውን ተደገፈ። «የእናቴን ጊዜ የገጠምኩት እኔው ነኝ» አላት። «ሌላ ሰው አልነበረም፤ ተረኛ ነበርኩ። ለእህቴ ቤት ነው የገጠምኩት። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።»

ፍሬሕይወት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ከሥራ የሚያስወጣኝ ነገር ነው። በልኬቱ ጊዜ መስመሩ ክፍት ነው። እነሱም በየቤታቸው ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው እንዳትናገሩ ተብለዋል። ማንም አይናገርም። ግን ሰው ዝም ሲል እንኳ…» ጆሮውን በጣቱ ነካ። «እርስዎ ሽንኩርት ባይወቅጡ ኖሮ ብዙ ነገር ይሰማዎት ነበር።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ፍሬሕይወት ፍራሹ ላይ፣ ማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጣለች። እግሯን አጣጥፋለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ሚኪያስ ማቀዝቀዣውን ነቀለ፣ የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ትራስ ሥር ከተተው፣ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነ።

መጀመሪያ የተከፈተው ግራ ፊት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ክፍል ገባ፤ ሰፊ፣ ባዶ ነገር ነው። ከዚያ ታፍኖ የወጣ ሳል። ዳንኤል! ሳሉን ለመዋጥ ሲታገል ጉሮሮው ይንቋቋል። ዳንኤል አለ።

ቀኝ ፊት ተከፈተ። የእንጨት ዶቃዎች እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የገነት መቁጠሪያ ነው። አርባ ዓመት ሲንቀሳቀስ የኖረ ነው፤ ገነት አለች።

ግራ ኋላ ተከፈተ። ከሩቅ ደወል፣ ከዚያ የብረት ድምፅ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ መስኮት አንቀጥቅጦ አለፈ። ባቡሩ ነው። የሳምራዊት ቤት ነው፤ ሳምራዊት አለች። ፍሬሕይወት ዓይኗን ጨፈነች። እንግዲህ የቀረው አንድ ነው። ቀኝ ኋላ ሲከፈት የማታውቀው ሰው ትንፋሽ ይመጣል፤ ለናኦድ የተመደበ ጎረቤት፣ አንድ የጉድጓድ ሠራተኛ። ልቧ እንዳይሰማ ፈርታ ደረቷን በእጇ ተጫነችው።

ቀኝ ኋላ ተከፈተ። ትልቅ ማራገቢያ ይጮሃል። ከማራገቢያው በላይ አንድ ሰው በአፍንጫው አየር ሳበ፤ ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማልቀስ ሲተናነቀው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ተው እያለች በመሀረብ ስትጠርገው ያደገችው አፍንጫ ነው።

ናኦድ! ናኦድ አለ!

ደስታው ሊያፈነዳት ደረሰ። አራቱም አሉ! ዳንኤል አለ፣ ገነት አለች፣ ሳምራዊት አለች፣ ናኦዴ አለ። ተሳስተዋል። የሌላ ሰው ካርቶን ነው የመጣው። ሳቋን በነጠላዋ አፍና ወደ ሚኪያስ አየች፤ ተሳስታችኋል ልትለው፣ በዓይኗ።

ሚኪያስ ወለሉን ያያል። በጣቱ ቆይ የሚል ምልክት ሰጣት። ልኬቱ ሁለት ዙር ነው።

ዳንኤል፤ ሳሉ። ገነት፤ መቁጠሪያዋ። ግራ ኋላ እንደገና ተከፈተ። አሁን ባቡር የለም። ቤቱ ፀጥ ብሏል፤ በፀጥታው ውስጥ ትንፋሽ ይሰማል። ፍሬሕይወት አንገቷን አዘነበለች። ትንፋሹ አጭር ነው፤ ፈጣን፣ ቀላል፣ በትንሽ ደረት የሚወጣና የሚገባ። ወንበሩ ከፍ ብሎባት መሆን አለበት፣ ሁለት እግር አየር ላይ ይወዛወዛል፤ ተረከዝ እንጨት ይነካል፤ ቶክ፣ ቶክ።

የሟች ቦታ በልጁ ይሞላል።

ቀኝ ኋላ ተከፍቶ ማራገቢያው ሲጮህ ፍሬሕይወት አልሰማችውም። ከሌላው የፈለግኸውን ውሰድ። ሦስት ጊዜ ነበር ያለችው። ሳምራዊት የሞተችው ትናንት ነው፤ ቢሆንም የዛሬው ልመናዋ ትናንት ድረስ ተመልሶ ሄዶ ልጅቷን የመታት መሰላት። አልጠይቅህም ብላ ነበር። አላጉረመርምም ብላ ነበር። የበኩር ልጇን፣ ጡት ስታጠባት ጣቷን ይዛ የምትተኛዋን ሳምሪን፣ ከሌላው ጋር ቆጥራ ሰጠቻት።

አሥር ሰከንድ ቀርቷል። ብትጮህ ልኬቱ ይወድቃል፤ መርዶው በጽሑፍ ይሄዳል፤ ለአራቱም መስመር ይሄዳል። ሳምራዊት ቤት ያለው ስልክ ማን እጅ ላይ እንዳለ ማን ያውቃል? ፍሬሕይወት ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች። ነከሰች። ድምፅ አልወጣትም።

አረንጓዴ መብራት በራ። ያዘ፤ አራቱም መስመሮች አንድ ላይ ተከፈቱ።

ሚኪያስ መስመሩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ከግራ ኋላ ትንሽ ድምፅ መጣ። በሹክሹክታ ነው፤ ግን ድምፅ ማጉያው አዲስ ነው፣ ከጆሮዋ ሥር ተቀምጣ የምታወራት ነው የሚመስለው።

«እማማ ፍሬ? ፊልሙ ጀመረ?»

የሚኪያስ ጣት ቁልፉ ላይ ቆመ። ከሌሎቹ ሦስት ማዕዘኖች ምንም አልተሰማም፤ ሳሉም፣ መቁጠሪያውም፣ አፍንጫውም ጸጥ አለ። ሁሉም የሚጠብቁት እሷን ነው።

ፍሬሕይወት ነጠላውን ከአፏ አወጣች።

«ገና ነው የኔ ዓለም» አለች። «ጠዋት ነው የሚጀምረው።»

«አባዬም ጠዋት ነው አለኝ። እማዬ ጠዋት ትመጣለች አይደል? ይሄ የእሷ ቦታ ነው። እየጠበቅኩላት ነው።»

«ጎበዝ» አለች ፍሬሕይወት። ድምፅዋ ከየት እንደመጣላት እስከ ዛሬ አታውቅም። «ጎበዝ ሶልያና። አሁን እራትሽን ብዪና ተኚ። ጠዋት እኔም አለሁ፤ እዚሁ ፊት ለፊትሽ ነኝ።»

«ደህና እደሪ እማማ ፍሬ።»

«ደህና እደሪ።»

ሚኪያስ መስመሩን ዘጋ። ባዶዎቹን ካርቶኖች አጣጥፎ ጋሪው ላይ ደረደረ፤ ጫማውን አደረገ። በሐዘንተኛው አቀማመጥ ላይ ደንብ አለ፤ ፊት ወደ መሃሉ ድምፅ ማጉያ፣ መርዶው ወደሚነገርበት ነው የሚዞረው። ከበሩ ዘወር ሲል ፍሬሕይወት ፍራሹ ላይ እንዳለች ጀርባዋን ለመሃሉ ሰጥታ፣ ወደ ግራ ኋላ ዞራ ተቀምጣለች። አላረማትም።